በግማሽ ጭቃ የተሞሉ ዛጎሎች

አማቷን የሥራ ባልደረቦቻቸው የሚጠሯቸው «ጋሼ ልክ ነው» እያሉ ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው ባይታወቅም ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቁፋሮው መድረክ ላይ ቆመው ከባሕር ወለል ደለልና ድንጋይ በረጅም ቱቦ ሲያወጡ፣ እያንዳንዱን ቱቦ ያጋድሙና ላዩን በቀይ ክዳን፣ ታቹን በሰማያዊ ክዳን ይደፍናሉ። ከዚያ ከሰማያዊው ወደ ቀዩ የሚያመለክት ቀስት ይሥላሉ፣ በመዳፋቸው ቸብ ያደርጉታል፣ «ልክ ነው!» ይላሉ። ይህን ካላሉ ቱቦው ከቦታው አይነሳም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው የጠፋ ዕለት፣ ሠራተኞቹ ቱቦውን ከበው ከንፈራቸው እስኪንቀሳቀስ ጠብቀዋል ይባላል፤ ይሄኛው እንኳ ሳይጋነን አልቀረም።

ቀይ ከላይ፣ ሰማያዊ ከታች። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን ቱቦው አንዴ ከባሕር ወጥቶ ከተጋደመ ሁለቱ ጫፎቹ አይለዩም። የትኛው ጫፍ ትናንት የሰፈረ ደለል፣ የትኛው የሺህ ዓመት ጭቃ እንደሆነ የሚናገረው ክዳኑ ብቻ ነው። «በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቱቦ ገልብጬ አላውቅም» ይሉ ነበር ጋሼ ልክ ነው፣ ምሳ ሲበሉም፣ ሰው ሲድሩም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቁም። ልጃቸው ሊያገባት ያሰባትን ሴት ይዞ ሲመጣ እንኳ፣ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የነገሯት ይህንኑ ነው። እሷ ደግሞ በዚያው መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ እነዚያኑ ቱቦዎች እየከፈተች ደለል የምታነብ ባለሙያ ነበረችና ወዲያው ተግባቡ።

የባሏ እናት ግን ትንሽ ጊዜ ወስዶባቸዋል። በዚያው በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ከግቢው አጥር ሥር ነጭ ድንጋይ አንስታ፣ ላስ አድርጋ፣ ከኪሷ ማጉያ መነጽር አውጥታ ስታየው በመስኮት አዩዋት። ድንጋይ ሲረጥብ ውስጡ ፍንትው ብሎ እንደሚታይ የሚያውቁት የሙያው ሰዎች ብቻ ናቸው። እናትየው ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠሩና በሹክሹክታ «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ቤቷ ምሳ አይሰጧትም እንዴ?» አሉት።

ይህ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል። አሁን የአራት ወር ሕፃን አለች፣ ሁሉም አንድ ቤት ይኖራሉ፣ ድንጋይ መላሱም ተለምዷል። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሰኞ ዕለት ወደ ሥራ ተመለሰች። የዚያው ሳምንት አርብ ከሰዓት በኋላ አማቷ በጡረታ የሚሸኙበት ቀን ነበር፤ አዳራሹ ተይዟል፣ አዲስ ሙሉ ልብስ ተገዝቷል። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ የአዲሱ ጀልባ መሳፈሪያ ምሰሶዎች ወደ ባሕሩ ወለል መውረድ ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት ከመሳፈሪያው ቦታ የወጣውን ቱቦ ለመጨረሻ ጊዜ አይታ እንድትፈርም ኃላፊዋ ለእሷ ሰጠቻት።

ቱቦውን እሷ በሌለችበት ያነበበው የሥራ ጓደኛዋ ነው። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ሳያነብ ከእጁ ስለማያወጣ «ጥንቁቁ» ይሉታል። የጻፈውም ግልጽ ነበር፦ ከወለሉ ጀምሮ አምስት ሜትር ለስላሳ ጭቃ፣ ከዚያ ሥር አንድ ሜትር ጠንካራ የኖራ ድንጋይ። እንግዲህ ምሰሶው አምስት ሜትር ተኩል ወርዶ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ይቆማል ማለት ነው። መሐንዲሶቹም በዚሁ ልክ ንድፋቸውን ሠርተው ጨርሰዋል።

ረቡዕ ጠዋት ለሁለት የተሰነጠቀውን ቱቦ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና የተሸፈነበትን እርጥብ ላስቲክ ገለጠች። ጭቃው ላይ አሲድ ጠብ አደረገች፤ ቸስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ኖራ እንዳለበት አወቀች። ከዚያ ቁንጥር አድርጋ በፊት ጥርሷ ነካችው፤ ኮሽ ካለ ደቃቅ አሸዋ አለበት፣ ካላለ ንጹሕ ጭቃ ነው። ምንም አላለም። በእርግዝናዋ ወራት ይህን እንዳታደርግ ሐኪሙም፣ ባሏም፣ የባሏ እናትም ከልክለዋት ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር ናፍቋት ነበር።

ድንጋዩ ጋ ስትደርስ መነጽሯን አወጣች። ያን ያህል የጥንት ድንጋይ አልነበረም። የባሕር ዳር አሸዋና የዛጎል ስብርባሪ በውሃው ውስጥ ባለ ኖራ እየተጣበቀ የጠና ቅርፊት ነው። በውስጡ ትናንሽ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ዛጎላቸው ለሁለት ተቆርጦ ይታያል። እሷ እነዚህን ትወዳቸዋለች። ቀንድ አውጣው ሞቶ ቤቱ ባዶ ሲቀር ደቃቅ ጭቃ በአፉ ይገባና እንደ ማንኛውም ጭቃ ታች ይተኛል፤ ከላይ የቀረው ባዶ ቦታ ከጊዜ በኋላ በነጭ ክሪስታል ይሞላል። ግማሽ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ማለት ነው። ስለዚህ በየዛጎሉ ውስጥ ጭቃው ታች፣ ክሪስታሉ ላይ መሆን አለበት።

እዚህ ግን ጭቃው ላይ፣ ክሪስታሉ ታች ነበር።

መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አየች። አንድ ብቻ ቢሆን ማዕበል አገላብጦት ይሆናል ብላ ታልፈው ነበር። ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ናቸው። ከአሥራ አንዱ አሥሩ ጭቃቸውን ወደ ቀዩ ክዳን አድርገው ተኝተዋል። ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገልብጧል። እውነተኛው የባሕር ወለል ላዩ አንድ ሜትር ቅርፊት፣ ሥሩ ደግሞ አምስት ሜትር ጭቃ ነው፤ ከዚያ በታች ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። ምሰሶዎቹ ቅርፊቱን በስተው ጭቃ ውስጥ ሊንጠለጠሉ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሦስት መቶ ሰው ጀልባ ሊጠብቅ ነው።

ጥንቁቁን ጠራችው። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«እኔ እኮ ቀስቱን አምኜ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ላቡን እየጠረገ። «የጋሼ ልክ ነውን ቀስት ማን ይጠረጥራል?»

«ማንም» አለች።

«ቀኑን አይተሽዋል?»

አላየችውም ነበር። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አነበበች፤ ልጇ የተወለደችበት ቀን ነው። የዚያን ዕለት የሆነውን ቤተሰቡ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ባሏ ከሐኪም ቤት ደወለ። አማቷ መድረኩ ላይ «ሴት ናት! ሴት ናት!» እያሉ ጮኹ፣ ሠራተኛውን ሁሉ አቅፈው ሳሙ፣ ሄልሜታቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩት፤ ሄልሜቱም ባሕር ገባ። ይህ ታሪክ አርባ ጊዜ ሲነገር፣ በዚያች ሰዓት እግራቸው ሥር ተጋድሞ ክዳኑን ይጠብቅ የነበረውን ቱቦ ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም። የዕለቱን የቁፋሮ መዝገብ አውጥተው አዩት። «ስድስት ሜትር፤ ተጠናቀቀ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

ጥንቁቁ በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝማ እህቴ፣ ክዳኖቹን ቀያይረን ጽሑፉን ብናስተካክለውስ? ሰውየውን በመጨረሻ ሳምንታቸው...»

አሳቡ አልፈተናትም ማለት ውሸት ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል እጇ ቀዩ ክዳን ላይ ነበር። ግን ክዳን ቢቀየር ከስድስት ሜትር በታች ያለውን አይናገርም፤ እንደገና መቆፈር አለበት። ቁፋሮ ደግሞ ያለ ማመልከቻ አይፈቀድም፣ ማመልከቻው ላይም ምክንያት ይጻፋል። «እኔው እነግራቸዋለሁ» አለች፤ እንዲህ ማለቷን የጠላችው ከአፏ ሳይወጣ ነበር።

ማታ እራት ላይ አማቷ ሕፃኗን በአንድ እጃቸው አቅፈው፣ በሌላው ወረቀት ይዘው የስንብት ንግግራቸውን ይለማመዱ ነበር። «...በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ክቡራንና ክቡራት፣ አንድ ቱቦ...» እያሉ ያነባሉ። ሕፃኗ ወረቀቱን ልትጎርስ ትታገላለች። ምራትየዋ ሹካዋን ይዛ ሳህኗን ታያለች።

«ምነው አልበላሽም?» አሉ የባሏ እናት። «ዛሬም ጭቃ በልተሽ ነው የመጣሽው?»

ባሏ ሳቀ። እሷ መሳቅ አቃታት። ብታሳድረው እንደማትናገረው ስላወቀች በአንድ ትንፋሽ አወጣችው።

«አባባ፣ የመሳፈሪያው ቱቦ ተገልብጧል።»

«ማነው የገለበጠው?» አሉ ወዲያው፣ ቆፍጠን ብለው። «ከላቦራቶሪ ሰዎች አንዱ ነው አይደል? ሁልጊዜ እላለሁ እኮ!»

«ላቦራቶሪ አይደለም። ክዳኖቹ እንደታሸጉ ነው የመጡት። ልጅቷ የተወለደች ቀን የወጣው ቱቦ ነው።»

አማቷ ፊታቸው ጠቆረ። ሕፃኗን ለሚስታቸው አቀበሉ፣ ወረቀታቸውን አራት ቦታ አጣጠፉ፣ ተነሡ። «ልክ አይደለም» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። በሩን እንኳ ቀስ ብለው ነው የዘጉት፤ ቢያላጉት ይሻላት ነበር።

«ከአርብ በኋላ ብትነግሪው ምን ነበረበት?» አላት ባሏ። እሷም «ሰኞ ምሰሶ ይወርዳላ!» ብላ ጮኸችበትና ወደ ወጥ ቤት ገባች። እዚያ ሳህን እያጠበች አለቀሰች። ሰውየውን ትወዳቸዋለች። ሆዷ የገፋ ጊዜ ቆማ እንዳትውል ብለው መደገፊያ ያለው ወንበር በትከሻቸው ተሸክመው እስከ ላቦራቶሪ ያመጡላት እሳቸው ናቸው። እንደዚህ ያለ ሰው ፊት ተቀምጦ «ተሳስተዋል» ማለት ለእሷ ቀላል አልነበረም።

የባሏ እናት ሕፃኗን ታቅፈው መጡና ፎጣ አቀበሏት። «እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ተሳስተሃል ስለው አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «ግን ጠዋት ሹልክ ብሎ ሄዶ ያያል። ሁልጊዜ ሄዶ ያያል። በይ አፍንጫሽን ጥረጊ።»

እንዳሉትም ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ስትደርስ አማቷ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆመዋል። ያንን ለአርብ የተገዛውን አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ችሎት የሚቀርቡ ይመስል ክራቫታቸው ሳይቀር ታስሯል። ደህና አደርሽ አላሏትም። «የታለ?» ብቻ አሉ።

ቱቦውን ዘረጋችላቸው፣ መነጽሩን ሰጠቻቸው፣ ስለ ዛጎሎቹ አስረዳቻቸው። ሲያዳምጡ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ የመስማማት አይደለም፣ የ«እናያለን» ነው። ከዚያ ጎንበስ አሉና ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው እየተከተሉ መቁጠር ጀመሩ። ጥንቁቁ ጥግ ላይ ቆሟል። እሷ የአማቷን የጆሮ ጫፍ እያየች በአንድ እግሯ የቆመች ያህል ተጨነቀች። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«አሥራ ሁለት ናቸው» አሉ አማቷ ቀና ብለው።

«አሥራ አንድ ነው የቆጠርኩት፣ አባባ።»

«አሥራ ሁለት። አንዷ ከጠርዙ ሥር ተደብቃለች፤ ዘለሻታል።» ጣታቸውን አስቀመጡባት፤ እውነትም ምስር የምታክል አለች። «እሷም እንደ ሌሎቹ ጭቃዋ ወደ ቀዩ ነው።»

ይህን ካሉ በኋላ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩአቸው።

«መጀመሪያዋ ሜትር ላይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማሽኑ ጥርሴ እስኪነቃነቅ አንቀጠቀጠኝ። ከዚያ በኋላ ቱቦው ሊጥ ውስጥ እንደሚገባ ዝም ብሎ ወረደ። እጄ ያውቅ ነበር እኮ፣ ልጄ! ድንጋዩ ከላይ እንደሆነ እጄ ያውቅ ነበር። ስልኩ ሲጮህ...» አልጨረሱትም።

አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ እጃቸውን ያዘች። ስለ ስንብቱ፣ ስለ ንግግሩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለተባለው ነገር ሁሉ አዘነችላቸው፤ እሳቸው ግን ሌላ ነገር እያሰቡ ኖሯል።

«ምሰሶው ሰኞ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት መድረኩን እናውጣ። ከድሮው ጉድጓድ አጠገብ፣ ዋናው ድንጋይ እስኪገኝ ድረስ እንቆፍራለን።»

«ነገ እኮ ሽኝትዎ ነው፣ አባባ።»

«ሽኝቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቱን ምን ላደርግበት ነው? ፀጉር ቤት ልውል?» ብለው መላጣቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ጥንቁቁ ሳያስበው ፈነዳ፤ ከዚያ እሷ፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ክራቫታቸውን ፈተው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄዱ። ኃላፊዋ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ወደ መሐንዲሶቹ ደወለች፣ ቀጥላም ቁፋሮውን ለጊዜው በቃል ፈቀደች። «ማመልከቻውን ግን ነገ ተሟልቶ እፈልገዋለሁ፤ ያለሱ የምሰሶውን ሥራ በይፋ ማስቆም አልችልም» አለች።

አርብ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። ምራትየዋም አብራ ወጣች። አማቷ መድረኩ ላይ ሠራተኞቹን ሰበሰቡና ሌላው ሹክ ሳይላቸው ራሳቸው ነገሯቸው። «አንድ ቱቦ ገልብጫለሁ። እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። አሁን ወደ ሥራ።» አንዱ ጎልማሳ ሠራተኛ «አይ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ...» ብሎ ሊያስተባብል ሲሞክር በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

ማሽኑ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ሜትር ላይ መድረኩ ተንቀጠቀጠ፣ የሻይ ኩባያዎቹ ተንጫጩ። አማቷ ምራታቸውን ጠሩና እጇን ወስደው ከእጃቸው ጋር ማንሻው ላይ አሳረፉት። «ይሄ ድንጋይ ነው። አሁን ደግሞ ጠብቂ... ይኸው! ተሰማሽ?» ተሰማት፤ መንቀጥቀጡ ጠፍቶ ብረቱ ዝግ ብሎ ይሰምጣል። በቱቦ ላይ ቱቦ ቀጣጠሉ። ስድስት ሜትር አለፉ፣ ዘጠኝ አለፉ፣ ጭቃ። አሥራ ሁለት ላይም ጭቃ ነበር። አሥራ አራት ሜትር ሊሞላ ሲል ማሽኑ እንደገና አጓራ። ወጥቶ ሲታይ የጥንት ኮራል የተከመረበት፣ በመዶሻ ሲመታ የሚያቃጭል የኖራ ድንጋይ ነበር። ሦስት ሜትር ሙሉ ገቡበት፤ አላለቀም። ምሰሶ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ተጋደሙ። አማቷ እያንዳንዱን ክዳን ከመድፈናቸው በፊት ወደ እሷ ዞር ይላሉ፤ እሷ «አዎ» ስትል ይደፍናሉ፣ ቀስቱን ይሥላሉ፣ ቸብ ያደርጋሉ። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሠራተኛው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ልክ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ወደብ ሲደርሱ ሰዓቱ አልፎ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ይጠብቃል፣ የባሏ እናትና ባሏ ሕፃኗን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ ኃላፊዋ ደግሞ ማመልከቻውን ይዛ እስከ ጀልባው መውጫ መጥታለች። አማቷ ጭቃ በጭቃ በሆነ የሥራ ልብሳቸው ወረዱ። ኃላፊዋ ቅጹን በርሜል ላይ ዘረጋችና ብዕሩን ለምራትየዋ ሰጠቻት። ቀኑ፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ ተሞላ። «የስህተቱ ፈጻሚ» በሚለው ላይ አማቷ ራሳቸው አጎንብሰው ስማቸውን ጻፉ።

«የቀረው ‹የስህተቱ ምክንያት› ነው» አለች ኃላፊዋ። ሰውየውን ልትረዳቸው ፈልጋ ድምፅዋን አለሰለሰች። «‹ድካም› ብለን ብናልፈውስ? ወይም ‹መጥፎ የአየር ሁኔታ›?»

«ደክሞኝ አያውቅም» አሉ አማቷ። «ቀኑም ብራ ነበር።» ከበሩ ማዶ የልጅ ልጃቸው ስታለቅስ ሰምተው ዞር አሉ፤ ተመልሰው ምራታቸውን አዩ። «ጻፊ፣ ልጄ። ‹የቁፋሮው አለቃ አያት ሆነ።›»

ብዕሯ ቆመ። ቀና ስትል ፊታቸው ላይ ቀልድም ኀፍረትም አላገኘችም።

«ጻፊ እንጂ! ክብደቷንም ጨምሪ፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ልኬት የሌለው ሪፖርት አልወድም።»

ዓይኗ እንባ ሞልቶ መስመሩ እየጠፋባት ጻፈችው። ኃላፊዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ፈረመችበት፣ ማኅተሙንም አሳረፈችበት።